ትታልኝ የሄደችው ፍየል

የባለቤቴ እህት ይህን ታሪክ በየልቅሶውና በየሠርጉ በራሷ መንገድ ስታወራው ኖራለች። ጎሬ ላይ ትልቅ ቤት አላት፤ ባሏ የቡና ነጋዴ ነው፤ ለወሬ የሚሆን ጊዜ ሞልቷታል። እኔ መቱ ላይ ሱቅ ነበረኝ። ሱቅ ያለው ሰው በአንድ እጁ ስኳር እየመዘነ በሌላው ስሙን ሊከላከል አይችልም። አሁን ጉልበቴ አልታዘዝ ስላለኝ ሱቁን ዘግቻለሁ። ተራው የእኔ ነው።

በእሷ አነጋገር እኔ ልበ ደንዳና ነኝ። ወላጅ የሌላትን ልጅ በሱቅ ሥራ አድክሜያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አቅፌ አልሳምኳትም፤ ይባስ ብዬ በአረፋ ዋዜማ በልጅቷ ፍየል ላይ ቢላ ስዬ ተገኝቻለሁ። ሥራውን በተመለከተ፣ በሱቅ ቤት ሥራ የማይሠራ ድመቱ ብቻ ነው። መሳሙን በተመለከተ፣ እውነት ነው፤ ሰው መሳም አልወድም። የቢላው ነገር ግን ታሪክ አለው፤ የምጽፈውም እሱን ነው።

ልጅቷ የባለቤቴ የታናሽ ወንድሙ ልጅ ናት። አባትየው ኖፓ አጠገብ የሰው መሬት እያረሰ የሚኖር ድሃ ነበር። እሱም እናቷም አከታትለው ሲሞቱ ልጅቷ ገና የወተት ጥርሷን ነቅላ አልጨረሰችም። ከዚያ በኋላ ዘመድ ተቀባበላት። አንዱ ቤት እህል እስኪደርስ፣ ሌላው ቤት አራሷ እስክትነሳ፣ ሌላው ቤት ጥጃ ጠባቂ እስኪገኝ። ከሁሉ ቀድማ የወሰደቻት ያቺው የጎሬዋ አክስቷ ናት፤ ከሁሉ ቀድማ የመለሰቻትም እሷው ናት። «ትስላለች፣ ሥራም አታውቅ» ብላ ነበር። ይህን በየልቅሶው ስታወራው የሰማ ሰው የለም።

ወደ እኔ የመጣችው የዘመድ ቤት ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅቷ በሥጋ አትደርሰኝም፤ እምቢ ብል ማንም አይፈርድብኝም ነበር። ያመጣት ዘመድ ግን ብልህ ሰው ነው። «ዝናቡ እስኪያባራ ትቆይልኝ» ብሎ በሱቁ በር አቁሟት ሄደ። መቱ ላይ ዝናብ እስኪያባራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ይሆናል ተባለ፤ የምትመሰክር እናት ስለሌለች በቁመቷ ተገመተ። ይዛ የመጣችው በአሮጌ ሻርፕ የተቋጠረ ልብስ ብቻ ነው። የምትተኛበትን አሳየኋት፤ ልብሷን የምትሰቅልበትን ሚስማርም አሳየኋት። «እሺ» አለች። ቋጠሮውን ግን አልፈታችም። የምትለብሰውን መዝዛ ታወጣና መልሳ ታስረዋለች። አልቤርጎ ያደረ መንገደኛ ይመስል፣ ጠዋት ጠዋት ቋጠሮዋ በሩ አጠገብ ነው።

በዚያ ሰሞን ሱቄ ውስጥ አይጥ በዛ። ድመቱን ሰደብኩት፤ ያለ ጥፋቱ ነበር። ምክንያቱን ያገኘችልኝ አንዲት ደንበኛ ናት። ለልጇ የላስቲክ ጫማ ልትገዛ መጥታ እጇን ወደ ጫማው ውስጥ ብትሰድ ቁራሽ ዳቦ ይዛ ወጣች።

«እትዬ፣ ይሄ ጫማ ከነቁርሱ ነው እንዴ የሚሸጠው?»

ሌላውን ጫማ አራገፍኩ፤ የተቆላ በቆሎ ፈሰሰ። ከሌላው የተቀቀለ ጎደሬ ወጣ፤ እሱስ ከመቆየቱ የተነሳ ጢም አብቅሏል። ደንበኛዋ እየሳቀች ሄደች፤ ጫማውንም አልገዛች። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። ዱላ እንደምትጠብቅ ከትከሻዋ ያስታውቃል።

ተናድጄ ነበር። የተናደድኩት ግን ለጫማው ነው። ከመደርደሪያው ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ አውርጄ ሰጠኋት።

«ጫማ የእግር ነው። ምግብ የሚደበቀው እዚህ ውስጥ ነው። ክዳን አለው፣ አይጥ አይገባበትም።»

«እሺ።»

«የት እንደምታስቀምጪውም አትንገሪኝ። እኔ የሰው ቆርቆሮ አልከፍትም።»

አልከፈትኩም። ከራት የተረፈ ዳቦ ግን ጠረጴዛው ላይ ይረሳኝ ጀመር። እርጅና ነው እንዳትሉ፣ ያን ጊዜ አላረጀሁም።

ከአይጡ ይልቅ የከበደኝ «እሺ»ዋ ነው። ወጡ ጨው በዝቶበታል? እሺ። አይ፣ አንሶታል? እሺ። አንድ ቀን ሆን ብዬ «አንቺ እኮ ሰነፍ ነሽ» አልኳት። በክፍሏ ከሁሉ የምትበልጥ ልጅ ናት። «እሺ» አለችኝ። በትምህርቷ እንኳ እንዳላግዛት፣ ትምህርት ቤቱ በኦሮምኛ ማስተማር ከጀመረ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ የተማርኩት በአማርኛ ነው። በኦሮምኛ እነግዳለሁ፣ በኦሮምኛ እሳደባለሁ፤ በቁቤ ስጽፍ ግን እጄ የሰው እጅ ይሆናል። ስታጠና እየሰማሁ እንደሚያውቅ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ። ብሳሳትም «እሺ» ነው የምትለኝ።

ዕቃ ላመጣ ጅማ ስሄድ በር ድረስ አትሸኘኝም። ስመለስም አትቀበለኝም። እኔ ወጥቼ ብቀር የምትጠይቀው የሱቁ ቁልፍ የት እንዳለ ብቻ ይመስላል።

የጎሬዋ ይህን አይታ ዝም አላለችም። አንድ ቀን ከመጨረሻ ልጇ ጋር መጣች። ጢም ሊያወጣ ምንም ያልቀረው ወንድ ልጅ ነው፤ እናቱ ወደ ጓሮ ብቅ ስትል እንኳ «እማ፣ የት ልትሄጂ ነው?» ይላል። አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚቀመጠው።

«አየሽ እንዴት እንደሚወደኝ?» አለችኝ። «ያንቺዋ ግን በር ላይ የተደገፈች ጃንጥላ ናት። ይዘዋት ቢወጡ ዝም፣ ረስተዋት ቢሄዱ ዝም።»

«ጃንጥላ ጥሩ ዕቃ የሆነው እኮ ስለማያለቅስ ነው» አልኳት።

መልሱ ጥሩ ነበር። ሆኖም እሷ ሄዳ ነገሩ ሱቁ ውስጥ ቀረ። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ሳሙና እየደረደረች ነበር፤ ሰምታለች። ከዚያ ቀን በኋላ ጃንጥላ ለሚገዛ ሰው ሁሉ ዋጋ አልቀንስም።

ከሶር ወንዝ ወገን ማር የሚያመጣልኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ማራቸው ሙሉ ነው፤ ወሬያቸው ግን ግማሽ ነው። ለዚህም ነው እስከ ዛሬ ያልማርኳቸው። አንድ የገበያ ቀን ማሩን አውርደው ተቀመጡና ልጅቷን ሲያይዋት ቆዩ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይህች ልጅ ሃንዱራ የላትም?»

ሃንዱራ እምብርት ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። «ጋሼ፣ እምብርት የሌለው ሰው አይቼ አላውቅም» አልኳቸው።

«የሥጋውን አይደለም። በእኛ በገጠር ልጅ ሲወለድ አባቱ ጊደር ይሰጠዋል። እሷ ሃንዱራ ትባላለች። የልጁ ናት፤ ትወልድለታለች፣ ትራባለታለች። እሷን እያየ ሲያድግ የማን ቤት ልጅ እንደሆነ አይጠፋውም። የዚህች አባት ምን ነበረውና ይሰጣታል?»

እኛ የነጋዴ ወገን ነን። አያቴ በበቅሎ ጨው ጭነው ነው ወደዚህ አገር የመጡት፤ ከብት የምናውቀው በቆዳው ነው።

«እኔ ሱቅ ነው ያለኝ ጋሼ። ጊደር መደርደሪያ ላይ አላስቀምጥ።»

«ፍየልም ትሆናለች።»

«ፍየል ሱቄን ትበላዋለች።»

«ትብላው! ልጅቷ ትስቃለች።»

በሚቀጥለው ገበያ ከማሩ ጋር አንዲት ግልገል አመጡ፤ ቡናማ፣ አንድ ጆሮዋ ብቻ ነጭ። ለልጅቷ ገመዱን ሰጠኋት። ንግግር አላደረግኩም።

«ይቺ ያንቺ ናት። ብትሞት ሌላ የለም።»

«እሺ» አለች። ሄዳ ትንሽ ቆየችና ተመለሰች። ቤቴ ከገባች ወዲህ የመጀመሪያዋ ጥያቄ ይህች ነበረች። «ብሄድስ? ያኔስ የማን ናት?»

«ያንቺ ናት አልኩሽ እኮ። ጆሮሽ እንደ ፍየሏ ነው እንዴ?»

ፍየሏ ሽማግሌው እንደተመኙላት ሳይሆን እኔ እንደፈራሁት ሆና አደገች። መጥረጊያ በላች። የስኳር ከረጢት በላች። የጎረቤት የተሰጣ ካልሲ አንዱን በልታ ሌላውን ተወች፤ ጎረቤቴ አንዱን ካልሲ ይዛ ስትመጣ ምን እንደምላት ግራ ገባኝ። ከሁሉ የሚሻለው የጎሬዋ ዳግመኛ የመጣች ቀን ነው። ከአዲስ አበባ ያስመጣችውን ሻሽ አውልቃ ወንበር ላይ ሰቅላ ስለ ልጇ ታወራለች። ፍየሏ ከኋላ ገብታ ጫፉን ያዘች። እኔ አይቻለሁ። የሰው ወሬ ማቋረጥ ነውር ስለሆነ ዝም አልኩ። የጎሬዋ ዞር ስትል ከሻሹ የቀረው አንገት እንኳ አይሸፍንም።

«ያ ረቢ! ይቺ ሰይጣን!»

ከመጋረጃው ጀርባ እንግዳ ድምፅ ተሰማ። ልጅቷ ናት፤ እየሳቀች ነው። አፏን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ፍየሏን እኔም ያን ቀን ወደድኳት።

ነገር ግን ካልሲና ሻሽ ሁልጊዜ አይበላም። ፍየሏን ጓሮ ውስጥ በአጭር ገመድ አሰርኳት። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ አየቻት።

«ገመዱ አጭር ነው» አለች።

«ይበቃታል።»

«ሣሩ ጋ አትደርስም።»

«እናመጣላታለን።»

«አጭር ነው!»

«ማን ላይ ነው የምትጮሂው?»

«እርስዎ ላይ!»

ከዚያ ሁለታችንም ደነገጥን። እሷ ቀለሟ ተለወጠ። ወደ ውስጥ ገባች፤ ስትመለስ ቋጠሮዋን ይዛለች። በሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ቋጠሮዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ዝናብ እየጣለ ነበር። እኔ ዘይት እየቀዳሁ አየኋት፤ ደንበኛ ሸኝቼ አየኋት፤ አሁንም እዚያው ናት።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«የት እንደምሄድ።»

በየቤቱ ያስተማሯት ይህንን ነው። አንድ ጊዜ ከጮህሽ ቀጣዩ ቤት ይታዘዝልሻል። እኔ ደግሞ የጎሬዋን የመሰለ የሥጋ ዘመድ ቢኖረኝ በየቀኑ የምጮህ ሰው ነኝ።

«ወፍጮ ቤት ነው የምትሄጂው» አልኳት። «በቆሎው አልቋል። ቋጠሮውን አስቀምጪና ጆንያውን ያዢ። ጃንጥላ አትርሺ።»

አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ተነስታ ወፍጮ ቤት ሄደች። እሷ እስክትመለስ ገመዱን ቀየርኩት፤ ሣሩ ጋ ብቻ ሳይሆን የጎመኔ መደብ ድረስ የሚያደርስ ሆነ፤ እሱ የልኬት ስህተት ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ የሰው ቤት ሆነ፤ በየቀኑ መጣላት ጀመርን። ወጡ ጨው በዝቶበታል ስላት «አልበዛም» ትላለች። ሰነፍ ነሽ ስላት «ማን ነው ሰነፍ? እርስዎ በቁቤ ስምዎን እንኳ ይጽፋሉ?» ትላለች። ታኮርፋለች። በር ታላጋለች። ጅማ ስሄድ «የዛሬ ወር ያመጡት ባትሪ የሞተ ነው፣ አይተው ይግዙ» ብላ ታዘኛለች፤ አርፍጄ ስመለስ ደግሞ ትቆጣለች። ቀሚሷ ሚስማሩ ላይ ተሰቀለ። ጎረቤቶቼ «ልጅቷ ባለገች» አሉኝ። ባለገች ያሉኝን ሁሉ በልቤ መዝግቤያለሁ፤ ግን ከልጅቷ ፀባይ ይልቅ የደላው ልጅ እንዴት እንደሚጮህ የማያውቁ መሆናቸው ነው የገረመኝ። እኔ የመጀመሪያዋን የተላጋች በር ስሰማ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። የበሩ ማጠፊያ ግን ውድ ነው፤ ይህንንም ነገርኳት።

በዚህ መሐል ልጅቷ አደገች፤ ረዘመች፤ ማንም የማይመልሳት ልጅ ሆነች። ያን ጊዜ ለጎሬዋ ትዝ አለቻት። ትልቋ ልጇ ወልዳለች፣ የቤት ሠራተኛቸው ጥላ ሄዳለች።

«የወንድሜ ልጅ በባዕድ ቤት ስትኖር ዝም ብዬ አላይም» አለችኝ፤ ከባሏ መኪና ሳትወርድ ነው ማለት ይቻላል። «ሥጋዬ ናት።»

«እስከ ዛሬ ሥጋሽ እስኪወፍር ነው የጠበቅሽው?»

«ትምህርቷንም ጎሬ ትማራለች። ከዚህ ከጨውና ከሳሙና መሐል ትውጣ እንጂ። ወይስ አንቺ አትሂድ ትያለሽ?»

ልጅቷ መሐላችን ቆማለች። አትሂጂ የሚለው ቃል አጭር ነው፤ አላጣሁትም። የጎሬዋ ግን የመጣችው እሱን ልትሰማ ነው። እኔ በእሷ ፊት እንድለምን፣ እሷ ደግሞ በየልቅሶው «አልቅሳ ለመነችኝ» እንድትል። ያን ደስታ ከምሰጣት ምላሴን ብነክስ ይሻለኛል።

«እንደ ፈቀደች» አልኩ።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ወፍጮ ቤት ስልካት እንዳየችኝ አየችኝ። እኔ ደግሞ ስኳር መመዘን ጀመርኩ፤ ደንበኛ ግን አልነበረም።

«እሺ» አለች።

ያቺን «እሺ» ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ገብታ ልብሷን ቋጠረች። ጓሮ ሄዳ ፍየሏ ጋ ቆየች። ስትመለስ ገመዱን አልያዘችም።

«ፍየሏ ትቀራለች» አለች።

«ደግ አደረግሽ፤ የእኛ ግቢ አበባ ነው» አለች የጎሬዋ።

በዚህ ቦታ ስለ እኛ ስለ ነጋዴዎች አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ ዘንድ የተሰጠህን ዕቃ ባንኮኒው ላይ ትተህ ከወጣህ መልሰሃል ማለት ነው። ዕቃ የመለሰ ሰው ደግሞ ደንበኝነቱን ቆርጧል፤ አይጠራም፤ አይለመንም። አባቴ በዚህ ኖሩ፣ እኔም በዚህ ኖርኩ። ልጅቷ ከሰጠኋት ሁሉ አንዱን ትልቅ ነገር ባንኮኒዬ ላይ ትታ ወጣች። ምን ልረዳ ኖሯል? ቆርቆሮዋን ከአልጋዋ ሥር አገኘሁት፤ እሱንም ትታዋለች። አሁን የሰው ቆርቆሮ ስላልሆነ ከፈትኩት። ውስጡ ፍርፋሪ እንኳ የለም፤ ሸረሪት ድር አድርታበታለች። «ጠራርጋ በልታ ሄደች» አልኩ። ሸረሪት ድር ለማድራት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅባት ያን ቀን ማን ያስባል?

ስልክ በየሰው ኪስ ያልገባበት ዘመን ነው። ከጎሬ መልእክት አልመጣም፤ እኔም አልላክሁም። የሚጮህብኝ ፍየሏ ብቻ ናት። ጠዋት ልጅቷ ትወጣበት በነበረው ሰዓት በሩ ላይ ቆማ ትጮሃለች፤ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ትመለስበት በነበረው ሰዓት ደግማ ትጮሃለች። «ዝም በይ፣ አትመጣም» እላታለሁ። ከፍየል ጋር የማወራ ሴት መሆኔን ባለ አንድ ካልሲዋ ጎረቤቴ ሰምታ ለሰፈሩ አዳረሰች። ይሄ ነገር ገፋኝ። አረፋ ሲቃረብ ወሰንኩ። የተመለሰ ዕቃ መደርደሪያ ላይ አቧራ አይጠጣም።

በዋዜማው ገመዱን አሳጠርኩ። ለሚያርድልኝ ጎረቤት ነገርኩት። ቢላውን አውጥቼ ጓሮ ካለው ድንጋይ ላይ መሳል ጀመርኩ። ፍየሏ የቢላውን እጀታ ልትበላ አንገቷን ትዘረጋለች። እንደዚህ ያለ ሞኝ ፍየል ማረድ ራሱ ከባድ ነው።

በሩ ተላጋ።

ያንን መላጋት አውቀዋለሁ። በማጠፊያው የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ልጅቷ ከራስ ጸጉሯ እስከ እግሯ ዝናብ መትቷት ጓሮው በር ላይ ቆማለች። አሰላሙ አለይኩም የለም፣ እንዴት ሰነበቱ የለም። ፍየሏን አየች፣ ቢላውን አየች፣ እኔን አየች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቢላ።»

«ለምን?»

«ነገ አረፋ አይደል?»

«የማንን ፍየል ነው የሚያርዱት?»

«ትተሽልኝ የሄድሽውን።»

«ትቼ?» አለች፤ ድምፅዋ የሰፈሩን ውሻ ቀሰቀሰ። «የት ልውሰዳት ታዲያ? ሃንዱራውን ይዞ በሰው ቤት የሚዞር ሰው የት አይተዋል? ልጅ ይሄዳል ይመጣል፤ ሃንዱራው ከቤቱ ነው የምትቆየው! ጎጆ ሲወጣ ነው የሚወስዳት! ይዣት ብወጣ ኖሮ ያን ጊዜ ሄደች ይባል ነበር!»

እኔ ቢላውን ይዤ ቀረሁ።

«ደግሞ በሰው ፍየል የአረፋ እርድ አይሆንም! ሐራም ነው! አልተማሩም እንዴ?»

«ማን ላይ ነው የምትጮሂው?» አልኩ።

«እርስዎ ላይ! ገመዱም አጭር ነው!»

ተንበርክካ ገመዱን ትፈታ ጀመር። አጥብቄ ስለቋጠርኩት እምቢ አላት። እኔም ቢላው በእጄ ስለነበር ገመዱን ቆረጥኩት። ጥሩ ገመድ ነበር። ስዬ ተገኘሁ የተባለው ቢላ በዚያ ዓመት የቆረጠው ነገር ያ ገመድ ብቻ ነው። ፍየሏ የልጅቷን ሻርፕ ጫፍ ያዘች፤ ልጅቷ አልነጠቀቻትም፤ ፊቷን አንገቷ ውስጥ ቀብራ ቆየች። እኔ ደግሞ ፎጣ ላመጣ ገባሁ። ፎጣው የት እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱን ለማግኘት ግን ብዙ ቆየሁ።

በማግስቱ ከሶላት መልስ ቀትር ሲቃረብ የጎሬዋ መኪና ሱቁ በር ላይ ቆመ። ሰንጋ አርደዋል፤ ሥጋም ይዛ መጥታለች፤ ቁጣም ይዛ መጥታለች። ሽማግሌው የአረፋ ማር ይዘው ቀድመው ተቀምጠው ነበር።

«ልጅቷ ጠፍታ ነው የመጣችው!» አለች። «ሳትነግረኝ!»

«የምን መጥፋት? ቤቷ መጣች» አልኩ። አሁን ሳስበው ይህን ያለው አፌ ነው፤ እኔን አልጠየቀኝም።

«ቤቷ? አንቺ አይደለሽ እንደ ፈቀደች ያልሽው?»

«ፈቀደችና መጣቻ!»

የጎሬዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ኮቱ፣ ነይ፣ ዕቃሽን ያዢና እንሂድ። ሕፃኑ እያለቀሰ ነው የተውኩት።»

ልጅቷ እኔን ነው የምታየው፤ ለሦስተኛ ጊዜ። ያቺን አጭር ቃል እንደምትጠብቅ ገባኝ። የጎሬዋም ጆሮዋን አቁማለች። ከሁለት ሰው አንዱን ማስደሰት ግድ ሆነ፤ የጎሬዋን ማስደሰት ደግሞ የማይሆን ነገር ነው።

«የትም አትሄድም» አልኩ። «እሷ ከሄደች ፍየሏን ማን ይጠብቅልኛል? እኔ ካልሲ ስከፍል ልኑር?»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ጥርስ ባይኖራቸውም ሳቁ። የነገሩን መጀመሪያ ሲሰሙ ደግሞ «አይ ኢንታላ ኮ፣ ሃንዱራ ከቤት እንደማትወጣ አልነገርኩሽም እንዴ?» አሉ። አልነገሩኝም። በአላህ ፊት እንጠያየቅበታለን። የዚያን ቀን ማር ግን ጥሩ ነበር።

የጎሬዋ እያጉረመረመች ሄደች። ሥጋውን ተቀበልን፤ ሥጋው ምን በደለን?

ልጅቷ ዛሬ ጎሬ ናት፤ በራሷ እግር ሄዳ ነው። አስተማሪ ሆናለች። ወላጆች ሲሰበሰቡ «የሚጮህባችሁን ልጅ ሳይሆን ሁልጊዜ እሺ የሚላችሁን ልጅ ፍሩ» ትላቸዋለች አሉ። ሰዎች «እንዴት ያለች አዋቂ ናት» ይሏታል። ከማን እንደወሰደችው አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። የጎሬዋ ያ አንገቷ ላይ ይጠመጠም የነበረው ልጇ ርቆ ሄዶ ደውሎላት አያውቅም፤ እሷን በበዓል በበዓል የምትጠይቃት የእኔዋ ጃንጥላ ናት። ይህንን በየልቅሶው ታውራው።

ያገባች ጊዜ ፍየሏ መንጋ ሆና ነበር። መኪና ይዛ መጣች፤ አንድ በአንድ አስጫነቻቸው። ወጉ ነው፤ ጎጆ ወጥታለች፤ አልተቀየምኩም። መኪናው ሲንቀሳቀስ ከጓሮ ጩኸት ሰማሁ። አንዲት ነጭ ጆሮ ግልገል እንደታሰረች ቀርታለች። በመስኮቱ ጠራኋት።

«አንዷን ረሳሽ!»

«ቦታ የለም!» አለችኝ፤ ግማሹ መኪና ባዶ ነው። እኔን እያየች አልሳቀችም። ከእኔ ነው የተማረችው።

ከዚያች ግልገል የተወለደች ነጭ ጆሮ እስከ ዛሬ ጓሮዬ ውስጥ አለች። ባለፈው ሳምንት የጎመን መደቤን ጨረሰችው። ገመዷን ላሳጥረው ወጥቼ ነበር፤ ዝናብ ጣለና ተውኩት።